በአንድ ቃል የቆመ እንዝርት

ወለተሐና ሠረቀብርሃን የተወለደችው ከጎረቤላ ከፍ ብሎ፣ ጉሙ እስከ ቀትር ከማይነሣበት የአንኮበር ደጋ ላይ ነው። አባቷ ቄስ ሠረቀብርሃን የሰፈሩ ደብር አገልጋይ ነበሩ። የቄስ ቤት ልጅ ዳዊት ይሰማል፣ ጾም ያውቃል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። እሷም እንደዚያው ናት። ሰው የሚያውቃት ግን በእጇ ነበር። የበግ ፀጉር ስትፈትል ያያት መንገደኛ እርምጃውን ገታ ያደርግ ነበር።

ሥራውን ያስተማረቻት የአባቷ እህት ወለተ ጊዮርጊስ ናት። አክስትየው ባል አልነበራትም፤ ኑሮዋ ፈትል ነበር። ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ መደረቢያ፣ ለሚሠራ ሸማኔ ታቀብላለች፣ ለበርኖስ የሚሆነውን ጥቁሩን ለብቻው ታስቀምጣለች። ለልጅቱ ደጋግማ የምትነግራት አንድ ነገር ነበር፦ «ጥጥ የዋህ ነው፤ እንደያዝሽው ይሄድልሻል። የበግ ፀጉር ግን ከበጉ ጋር ኖሯል። ዝናቡም፣ እሾኹም፣ ፍርሃቱም አብሮት አለ። ቀስ ብለሽ አባብይው።»

ወለተሐናም ማባበሉን ተማረች። ፀጉሩን ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፤ ድንጋይ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ በጣቷ እየለያየች ቆሻሻውን ትለቅማለች። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በመታው ቁጥር ያ ድብልብል ያለ ፀጉር ይነፋና እንደ ጉም ይነሣል። ከሁሉ የምትወደው ይሄን ነበር፤ ከባዱ ነገር ሲቀል ማየት። ሲፈትሉት ደግሞ ወዙ ጣት ላይ ይቀራል። በክረምት የሌላው ሴት እጅ በብርድ ሲሰነጣጠቅ የእሷ እንደ ሕፃን እጅ ይለሰልስ ነበር። ስትሄድም ትፈትላለች፤ ዳገቱን ስትወጣ እንዝርቱ ከጎኗ እየተሽከረከረ አብሯት ይወጣል።

ጓደኛዋ አልታየች ከወዲያ ማዶ ያለ የገበሬ ልጅ ናት። እሷ ፈትል ላይ እጇ ከባድ ነበር፤ ክሯ እየወፈረ እየቀጠነ አክስትየዋን ያናድዳል። በግ ላይ ግን አልታየችን የሚያህል አልነበረም። ጀርባውን ዳበስ፣ ላቱን ከፍ አድርጋ መዘን፣ ጥርሱን ገለጥ አድርጋ ማየት ብቻ ይበቃታል፤ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣና ክረምቱን ምን ሲበላ እንደከረመ ትናገራለች። እንዲህ ሁለቱ ተደጋግፈው፣ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ጎረቤላ ይወርዱ ነበር።

ሁልጊዜ ሊገዙ አልነበረም የሚወርዱት። ሊያዩ ነው። በጉ ሁሉ ከየሸለቆው እየተነዳ ሲመጣ፣ ትንፋሹ በጠዋቱ ብርድ ሲጨስ፣ ሻጭና ገዢ ጋቢያቸው ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲከራከሩ፣ እነሱ በመሐል እየተሹለከለኩ ፀጉሩን ይዳስሳሉ። «ይሄን ንኪው!» «አይ፣ ያኛው ይበልጣል፤ ሥሩን እይው!» አንድ ጊዜ ሙክት ይዞ የቆመ ነጋዴ ሰለቸውና፣ «እናንተ ልጆች፣ በጉን ልትገዙት ነው ወይስ ልታገቡት?» አላቸው። እስከ ቤታቸው ድረስ በዚህ ሲስቁ ሄዱ።

ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ከነጋዴዎች ጋር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ሩቅ ይሄዳሉ። ደነባ ሁለት ሦስቴ ሄደዋል። እነዋሪ የሄዱት ግን አንዴ ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ዝናብ ሳይጠበቅ መጥቶ የእነዋሪ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ ነበር። የአልታየች ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አንዲት አሮጊት አዩዋትና ጠርተው አስቀመጧት፤ እግሯን አጠቡላት፤ ከዚያም የዳለቻ በግ ፀጉር አውጥተው አሳዩዋቸው፤ ሲነሡም ሰጧቸው። እንደ አመድ የለሰለሰ፣ እንደ ምሽት ሰማይ ያለ ቀለም ነበረው። ወለተሐና ያን ፀጉር ፈትላ ስትጨርስ አክስቷ አገላብጣ አየችውና፣ «እንግዲህ ከእኔ የምትማሪው አለቀ» አለቻት።

ቴዎፍሎስ የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው። የናዝሬት ልጅ ነው፤ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ደብረ ብርሃን ተመድቦ ጎረቤላ ለሥራ ወጥቶ ነበር። ባለሦስት እግር መሣሪያውን መንገድ ዳር ተክሎ ሲያነጣጥር ሰነበተና፣ ሥራው ሳያልቅ ለቄስ ሠረቀብርሃን ሽማግሌ ላከ። ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ትሑት ወጣት ነበር። ቄሱም ወደዱት። ወለተሐናም ወደደችው። ሰርጉ በጥር ተደገሰ። አልታየች ሚዜ ሆና፣ ሙሽራዪቱ መኪና ውስጥ ስትገባ በመስኮቱ በኩል እንዝርቷን አቀበለቻት። «ከተማ ውስጥ ይሄ ይገኛል ብለሽ ነው?» አለቻት።

በደብረ ብርሃን የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነበሩ። የተከራዩት ቤት ጠባብ ቢሆንም ግቢው ፀሐይ ነበረው። ወለተሐና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማው የበግ ገበያ ትወጣለች፤ በወር አንዴም ጎረቤላ ትሄዳለች፤ አልታየችም ትመጣለች። ፈትሉም ቀጠለ።

ከዚያ ያ ፋሲካ መጣ። የቴዎፍሎስ አለቃ ከነባለቤታቸው በበዓሉ ማግሥት ምሳ ሊበሉ ተጠርተው ነበር። ለእሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ገና አዲስ ሠራተኛ ነው፤ እንግዳ በቤቱ ሲቀበልም የመጀመሪያው ነው። ወለተሐና ጠዋት ያጠበችውን ፀጉር ግቢ አስጥታ ነበር። ወጡን ስታማስል ዝናብ መጣ። ሮጣ ያን ሁሉ ፀጉር አስገባችና ወንበሩ ላይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ያገኘችው ቦታ ላይ ዘረጋችው። ቴዎፍሎስ ለስላሳ መጠጥ ገዝቶ በስብሶ ገባ። በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዝናብ መጣብኝና ነው። አሁን አነሣዋለሁ።»

«ቤቱ እኮ የበግ ጉረኖ መሰለ! አንቺ ደግሞ እስከ መቼ ነው ባላገር የምትሆኚው?»

ያ ብቻ ነው። ሌላ አልተናገረም። ራሱም ፀጉሩን ሰብስቦ ጆንያ ውስጥ ማስገባቱን አገዛት። እንግዶቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ሣቁ። አለቅየው ወጡን አመስግነው ሄዱ። ቴዎፍሎስ እነሱን ሸኝቶ ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር፤ እጇን ይዞ «አኮራሽኝ» አላት። ወለተሐና ፈገግ አለች። «ባላገር» የሚለው ቃል ግን ደረቷ ውስጥ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ነበር።

በማግሥቱ ጆንያውን ለሰፈር ሴት ሰጠች። እንዝርቱንም አብራ ሰጠቻት። ቅዳሜ ሲመጣ ገበያ አልወጣችም። ቴዎፍሎስ ምንም አልጠየቀም፤ እሷም ምንም አልተናገረችም። አለመጠየቁን «ደስ ብሎት ነው» ብላ ተረጎመችው።

አልታየች ነገሩን አታውቅም። በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ነጭ ፀጉር በጆንያ ተሸክማ ከጎረቤላ መጣች። ወለተሐና በሩን የከፈተችላት ቴዎፍሎስ ለምሳ የሚመጣበት ሰዓት ሲቃረብ ነበር። አልታየች በሩ ላይ ቆማ፣ ጆንያውን ፈታ፣ እፍኝ አውጥታ ዘረጋችላት።

«የጠቦት የመጀመሪያ ሽልቱ ነው። ለማንም አልሰጥም ብዬ ላንቺ አስቀመጥኩት። ንኪው።»

ወለተሐና እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «ተውኩት እኮ፣ አልታየች።»

«ምኑን?»

«ፈትሉን። እዚህ አይሆንም። ይዘሽው ተመለሺ።»

«አትፍተዪው ይሁን። ንኪው ብቻ እኮ ነው ያልኩሽ።»

ወለተሐና አልነካችውም። «ግቢ» ማለት ነበረባት፤ ግን ጆንያው አብሮ ሊገባ ነው። ባሏ ደግሞ አሁን ይመጣል። አልታየች ፀጉሩን መልሳ ጆንያው ውስጥ አስገባች፣ አፉን አሠረች፣ ትከሻዋ ላይ አደረገችና «በይ ደኅና ዋዪ» ብላ ሄደች። ወለተሐና በበሩ ስንጥቅ እያየች ቆየች። መንገዱ ማዶ እስክትሻገር ድረስ ልትጠራት ትችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ እንዲሁ ነጎዱ። ልጅ ወለዱ፤ ሠናይት አሏት። ቤት ሠሩ። ወለተሐና ግቢዋ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ቴዎፍሎስ ጥሩ ባል ነበር፤ አልጠጣም፣ አልዞረም፣ በቤቱ ቁጣ አላሰማም። ቅዳሜ ጠዋት በጎች በሰፈሩ መንገድ ወደ ገበያ ሲነዱ፣ የኮቴያቸው ድምፅ ሲሰማ፣ እሷ ሁልጊዜ ከሱቁ ጓዳ የምትፈልገው ነገር ነበራት። አክስቷ ስትሞት ለቅሶ ሄደች፤ አልታየችን ከሰው መሐል አየቻት። «እግዜር ያጥናሽ» «አሜን» ተባባሉ፤ እንደ ማንኛውም ሰው። የአባቷም ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

ቴዎፍሎስ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት በሚያድርበት ሰሞን፣ ሠናይት ወላጆቿን ልትጠይቅ መጣች። እሷ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትሠራለች። ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ ነበር፤ አበባ ያለበት፣ ሲነኩት የሚያንሸራትት።

አባቷ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አደረገና አመሰገናት። ቀጥሎ እንዲሁ በጨዋታ፣ «እንደ ባና ግን አይሆንም» አለ። «እናትሽ ስትፈትል አላየሽም። እኔ እኮ ያገባኋት በፈትሏ ነው።»

«እማዬ ትፈትል ነበር እንዴ?» አለች ሠናይት።

«ምን ማለትሽ ነው! ጎረቤላ ላይ መንገድ ስቀይስ በመሣሪያው ውስጥ አየኋት። ከዳገቱ ላይ እየመጣች ነበር፤ እንዝርቱ ከጎኗ ይሽከረከራል፤ እሷ ወደ ታች አታይም። ሥራዬን ትቼ እሷን ተከተልኩ በመሣሪያው። የለካሁትን ሁሉ ተሳስቼ በማግሥቱ እንደገና ለካሁ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ፣ ግን ለምን ተውሽው? ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እልና እረሳለሁ።»

ወለተሐና ሻይ ልትቀዳ የያዘችውን በራድ አስቀመጠች።

«ለምን ተውሽው?» አለች። «አንተ ነህ እኮ ያስተውከኝ።»

«እኔ?»

«‹ቤቱ የበግ ጉረኖ መሰለ፤ እስከ መቼ ነው ባላገር የምትሆኚው› አልከኝ። የፋሲካ ማግሥት። አለቃህ የመጡ ዕለት።»

ቴዎፍሎስ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። በእውነት አሰበ፤ እየዋሸ አልነበረም። «አለቃዬ መምጣታቸውን አስታውሳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዝናብ እንደነበረም አስታውሳለሁ። ይሄን ማለቴን ግን... ብዬ ይሆናል። በስብሼ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። ግን ተዪ አላልኩሽም እኮ፣ ወለቴ!»

«ስተወው ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?»

«ከተማ ለመደች፣ ሰለቻት አልኩ። እንድትፈትዪ ብጠይቅሽ ባላገር አደረገኝ ብለሽ ትቀየሚያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሠናይት አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን አየች። ወለተሐና ተነሥታ ወደ ግቢ ወጣች። ያለቀሰች መስሏቸው ነበር፤ አላለቀሰችም። ተቆጥታ ነበር። ለብዙ ቀን ባሏን ከ«ብላ» እና ከ«ተኛ» በቀር አላናገረችውም። ቁጣው ሲበርድ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ ይሄኛው ከቁጣው የባሰ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን «ቅር ይልሃል ወይ?» ብላ ብትጠይቀው፣ «ኧረ ምን ሆነሽ!» ይላት ነበር። ያን ዕለት በር ላይ የቆመችውንም ጓደኛዋን እጇን ይዛ ታስገባት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የቆለፈችው በር ከውጭ ቁልፍ አልነበረበትም።

ቴዎፍሎስ በበኩሉ አንድ ቀን ከገበያ እንዝርት ገዝቶ መጣ። ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። አንሥታ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ አናገረችው፤ «ይሄ እኮ የጥጥ ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ልመልሰው?»

«ተወው» አለች። «ጎረቤላ ልሄድ ነው። ብቻዬን።»

አልታየች ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ ገብስ ታነፍስ ነበር። ሸምግላለች፤ ጀርባዋ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው። ወለተሐናን ከበሩ ላይ አይታ ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ልጠይቅሽ መጣሁ» አለች ወለተሐና።

«ከመጣሽ አይቀር ግቢ እንጂ። ሰው ደጅ ቆሞ ሲመለስ ደግ አይደለም።»

ወለተሐና ገባች። አልታየች ድንጋይ አሳየቻት፤ ተቀመጠች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ዝናቡን፣ ቃሉን፣ ፍርሃቱን፣ ባሏ ምንም አለማስታወሱን። አልታየች ሳታቋርጥ ሰማቻት። ገብሱን ማንፈሷን ግን አላቆመችም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አለች በመጨረሻ። «እኔም እኮ አልረሳሁም። ጆንያውን ተሸክሜ መናኸሪያ ስሄድ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ‹እጇ እንዳይሸትባት ፈራች፤ እኔንም አብራ ተጸየፈችኝ› አልኩ። ገበያ ብቻዬን ስወጣ እነዚያ ነጋዴዎች ‹ጓደኛሽስ?› ይሉኝ ነበር። ‹ሞታለች› እላቸው ነበር።»

«ሞታለች?»

«ምን ልበላቸው ታዲያ?»

ከቤት ውስጥ የአልታየች ባል፣ ወልደ ሰንበት፣ ሲያስል ተሰማ።

«ፀጉሩንስ ምን አደረግሽው?» አለች ወለተሐና።

«ትራስ ሞላሁበት። ዛሬም የምተኛበት ነው። ነይ ንኪው አልልሽም፤ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሆኗል።»

አልታየች ይህን ስትል ሳቅ አመለጣት። ይቅርታ ይሁን አይሁን ወለተሐና አላወቀችም፤ ያን ዕለት ሌላ ነገር አልተባለም። ልትሄድ ስትነሣ ግን አልታየች፣ «የሚመጣው የገበያ ቀን ነይ» አለቻት።

ሄደች። ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። በጉ ድሮ የሚግጥበት ሜዳ ባሕር ዛፍ ሆኗል። በአልታየች ቤት ራሱ የቀሩት በጎች ጥቂት ናቸው። ፀጉር የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ፣ ሲሸለት ከፍግ ጋር ይጣላል። ወለተሐና አንዱን ገበሬ «ፀጉሩን ትሰጠኛለህ?» ስትለው የምትቀልድ መስሎት ሌሎቹን ጠርቶ ሳቀ። ባና የሚሠራ የቀረው ከጎረቤላ ወዲያ ያለ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው ተባለች። ሆኖም በጎቹ ያው ናቸው። ጠዋት ትንፋሻቸው ያው ይጨሳል። አልታየች ከበግ ወደ በግ ስትሄድ፣ ጀርባ ስትዳብስ፣ ላት ስትመዝን፣ ወለተሐና ጣቶቿን አንድ ጥቁር ጠቦት ፀጉር ውስጥ አስገባች። ወዲያው መልሳ ማውጣት አቃታት። በጉ ዞሮ አያት።

ፈትሉ ግን አልመለስ አላት። ክሩ ይበጠሳል፤ ይወፍራል፤ ይቀጥናል። አልታየች ከጎኗ ተቀምጣ ፀጉር ስትለይ ትስቅባታለች፤ «አሁን ገና እኔን መሰልሽ!» ወለተሐናም ትስቃለች፤ ከሳቋ በኋላ ግን እጇን ታያለች። ዕድሜ ያጠነከረው ጣት በወዝ አይለሰልስም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሠራበት ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር እሷ ብቻ ታውቃለች።

እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ግድም አብረው ገበያ ወጡ። ደነባም አንዴ ሄዱ። እነዋሪ ግን «ለፋሲካ እንሄዳለን» እየተባባሉ ሳይሄዱ ቀሩ።

ከዚያ ያ ሁላችንም የምናውቀው የጦርነት ክፉ ጊዜ መጣ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። በዚያው ሰሞን አልታየችን ሕመም ያዛት። ሆዷን ነው፤ እያመነመነ ይወስዳታል። ጎረቤላ ያሉት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷት ቢሉም መንገዱ አንዴ ሲከፈት እሷ መኪና ላይ መቀመጥ አቃታት፤ እሷ ስትችል መንገዱ ተዘጋ። ቀኑ ሲሄድ ከአልጋ የማትነሣ ሆነች። ወለተሐና በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደች የመንገዱን ነገር ትጠይቅና ትመለሳለች። ለጓደኛዋ ባና ለማሠራት አስባ ቀድሞ አብረው የለዩትን ነጭ ፀጉር ትፈትል ነበር፤ አሁን ሌት ተቀን ያዘችው። ክሩ እየተበጠሰ አስለቀሳት።

አንድ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን የበግ ገበያ ሆና ስልክ ደወለችላት።

«የት ነሽ? ጩኸት ይሰማኛል» አለች አልታየች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«በጎቹ መሐል።»

«እውነትሽን ነው? በይ ንገሪኝ። ምን አለ?»

«አንድ ጥቁር አለ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት።»

«ላቱስ?»

«ወፍራም ነው።»

«ባለቤቱ አሞሌ ጨው አልሶ ውኃ ሞልቶት ይሆናል፤ አትመኚው። ፀጉሩንስ? እጅሽን እስከ ሥሩ አስገቢ።»

ወለተሐና ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ እጇን አስገባች። «ይሞቃል» አለች። «ለስላሳ ነው። አሜኬላ ግን አለበት።»

«ሰውየው ምን ይላል?»

«‹ትገዢያለሽ ወይስ በስልክ ታስመርቂዋለሽ› ይለኛል።»

አልታየች እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ወለተሐና ከበግ ወደ በግ እየሄደች ትነግራታለች፤ አልታየች ከአልጋዋ ሆና ታማርጣለች፣ ትንቃለች፣ ነጋዴውን ትሰድባለች። ቴዎፍሎስ አንዳንዴ አብሯት ይወጣና ሰው እንዳይገፋት ከኋላዋ ይቆማል።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ሳምንታት ጠፋ። በተመለሰ ቀን ወለተሐና ስትደውል ስልኩን ያነሣው ወልደ ሰንበት ነበር።

«አልታየች ተኝታ ነው?» አለች።

«ቀበርናት፣ ወለቴ» አለ። «አሥራ አምስት ቀን ሆናት። የምንነግርበት አጣን።»

ወለተሐና ስልኩን ይዛ ሱቅዋ ውስጥ ተቀመጠች። ደንበኛ መጥቶ ስኳር ጠየቀ፤ ሰጠችው። ሌላም መጣ። ቴዎፍሎስ ገብቶ ፊቷን ሲያይ ሱቁን ዘጋ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ አለቀሰ። «ያን ቃል ባልናገር ኖሮ» አለ።

«እኔም ብጠይቅህ ኖሮ» አለች።

ፈትሉን ጨረሰችው። መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት ለሽማግሌው ሸማኔ አደረሰችው። ባናው ተሠርቶ ያለቀው ለአልታየች ተዝካር ነው። አንዳንድ ቦታ ቀጭን፣ አንዳንድ ቦታ ወፍራም ነበር። ወልደ ሰንበት እጁን አሳልፎ ዳበሰውና መልሶ ሰጣት።

«አንቱ ይልበሱት» አለች ወለተሐና። «ብርድ አይደል።»

«በሷ ስም የተፈተለ ለብሼ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለደብሩ መነኩሲት ስጪያት። ያቺ ምስኪን በጆንያ ነው የምትተኛው።»

መነኩሲቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ባለች ጎጆ ውስጥ ናት። ባናውን ተቀብላ ሳትዘረጋው ታቅፋ ያዘችው።

«ለማን ነፍስ ልጸልይ?» አለች።

«ለአልታየች። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው።»

«ላንቺስ ምን ብዬ ልጸልይ?»

ወለተሐና የባናውን ጠርዝ፣ ክሩ የወፈረበትን ቦታ፣ በጣቷ ዳበሰች። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ስለነበር፣ የመጣችበት ሚኒባስ ሾፌር ታች ሆኖ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። የመነኩሲቷን ጉልበት ስማ ወደ ሚኒባሱ ወረደች።